ፎቶ ላይ የጌጥ ፍሬም ማስገባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ የምረቃ ሰሞን ሲደርስ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚነሳው ሙሽራ ሲበዛ፣ ፊቼ ጫምባላላ ሲቃረብ፣ ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ «ፍሬም ይግባልኝ» ይላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያማረው ግን ታጥቦ ሲመጣ አንድ ጎኑ ተበልቶ ወይም ወርቁ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ከታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ለፎቶሾፕ ናቸው። ጊምፕ የሚባለው ሌላው ፕሮግራምና ስልክ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የሜኑ ስሞች አፍ ላይ እንደሚነገሩት ተጽፈዋል።

መጀመሪያ ፍሬሙን ልምረጥ ወይስ ፎቶውን ላስተካክል?

ሁለቱም ይቆዩ። መጀመሪያ የሚወሰነው ፎቶው በስንት በስንት እንደሚታጠብ ነው። በ300 ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲታሰብ፣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር (ፖስትካርድ የሚባለው) 1181 በ1772 ፒክስል ነው። 13 በ18 ደግሞ 1535 በ2126፣ 20 በ30 ደግሞ 2362 በ3543፣ ኤ4 ወረቀት 2480 በ3508 ይሆናል። ሌላ መጠን ከገጠመዎት ሚሊ ሜትሩን ለ25.4 አካፍለው በ300 ያባዙ። በቃል ለማስታወስ 1 ሚሊ ሜትር ወደ 12 ፒክስል ይጠጋል።

ይህ ካልተወሰነ «40 ፒክስል ፍሬም» ማለት ምንም ማለት አይደለም። በስልክ በተነሳ 4000 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ 40 ፒክስል እንደ ክር ነው። በቴሌግራም ተልኮ 800 ፒክስል በቀረው ፎቶ ላይ ግን ወፍራም ሰሌዳ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬም በሚሊ ሜትር ይታሰባል።

ቀላል ነጭ ጠርዝ በፎቶሾፕ እንዴት ይጨመራል?

ፎቶውን ይክፈቱና ኢሜጅ ከሚለው ሜኑ ካንቫስ ሳይዝ ይግቡ። አቋራጩ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ሲ አንድ ላይ ነው። መለኪያውን ወደ ሚሊ ሜትር ይቀይሩ፤ ሪላቲቭ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ። አንከር የሚለው ባለ 9 ቤት ሰሌዳ መሃሉ ላይ ይሁን። በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ከፈለጉ በስፋቱም በቁመቱም 12 ይጻፉ። ከታች የኤክስቴንሽን ቀለሙን ነጭ ያድርጉና ኦኬ ይበሉ።

ብዙ ሰው 6 ጽፎ በየጎኑ 3 ብቻ ያገኛል። የሚጻፈው ቁጥር የግራና የቀኙ ድምር ነው፤ የላይና የታችም እንዲሁ።

የቀለም ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ ፎቶው ባክግራውንድ ሌየር (የሥረኛው ንብርብር) ላይ አይደለም ማለት ነው፤ የተጨመረው ቦታም ባዶ ሆኖ ይመጣል። ችግር የለውም። ከፎቶው ሥር አዲስ ሌየር ከፍተው በፈለጉት ቀለም ይሙሉት። ቀለሙን በኋላ ለመቀየር ስለሚመች እንዲያውም ይህኛው ይሻላል።

በትክክል ለክቼ ሠርቼ ጠርዙ በአራቱም ጎን እኩል ያልሆነው ለምንድን ነው?

ሒሳቡ ነው እንጂ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። 10 በ15 ወረቀት ላይ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ሲነሳ የሚቀረው 9 በ14 ነው። ካሜራው ያነሳው ፎቶ ግን 2 ለ3 ስለሆነ ስፋቱ 9 ሲሆን ቁመቱ 13.5 ይመጣል። ስለዚህ በጎንና በጎን 5፣ ከላይና ከታች 7.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ 3 ለ4 ስለሆነ ልዩነቱ የባሰ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ክሮፕ ማድረጊያውን 9 በ14 ሴንቲ ሜትር፣ ጥራቱን 300 ብሎ ቀድሞ መቁረጥ ነው። 1063 በ1654 ፒክስል ይመጣል፤ ከዚያ ካንቫሱን ወደ 1181 በ1772 መክፈት ነው። ሁለተኛው እኩል ካልሆነማ ሆን ብሎ እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ የታችኛውን ጠርዝ ማወፈርና ስም ወይም ቀን ማስፈሪያ ማድረግ። የድሮው ፖላሮይድ ካርድ እንዲህ ነበር። ጠቅላላው ወደ 88 በ107 ሚሊ ሜትር፣ ምስሉ ግን 79 በ79 ብቻ፤ የቀረው ወረቀት አብዛኛው ከታች ነው። ከታች የከበደ ፍሬም ለዓይን ይረጋል፤ በአራቱም ጎን ልክ እኩል የሆነው ግን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ወደ ታች የተንሸራተተ ይመስላል።

ሳሳጥበው አንዱ ጎን ቀጠነ፣ ሌላው ወፈረ። ጥፋቱ የማን ነው?

በአብዛኛው የማንም አይደለም። ያለ ነጭ ጠርዝ የሚያትም ማሽን ምስሉን ከወረቀቱ በጥቂቱ አስፍቶ ነው የሚያትመው፤ እንዲያ ካልሆነ ወረቀቱ ትንሽ ሲንሸራተት ነጭ ስንጥቅ ይታያል። በየጎኑ እስከ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሊበላ ይችላል፤ የሚበላውም በአራቱም ጎን እኩል አይደለም። የ15 ሚሊ ሜትር ፍሬም 1 ሚሊ ሜትር ቢያጣ ማንም አያየውም። የ3 ሚሊ ሜትር ፍሬም ግን ያንኑ ሲያጣ ሲሶው ሄደ።

እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚደርስ ፍሬም ከ5 ሚሊ ሜትር አይቅጠን። ቀጭን መስመር ብቻ ከፈለጉ ጫፉ ላይ አያስምሩት፤ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ያስምሩት። ለሚያጥበው ሰውም «ሳይቆረጥ፣ በሙሉው ይታተም» ብለው ይንገሩት። ፋይሉ ልክ 1181 በ1772 ከሆነ ማሽኑ በራሱ የሚቆርጥበት ምክንያት ይቀንሳል።

ወርቃማው ፍሬም ታጥቦ ሲመጣ ለምን ሰናፍጭ መሰለ?

ማተሚያው የወርቅ ቀለም የለውም። ወርቅ ወርቅ የሚያሰኘው ብርሃን ላዩ ላይ መንሸራተቱ ነው፤ አንድ ወጥ ቀለም ሲቀቡት ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን በግራዲየንት፣ ማለትም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ በሚቀየር ቅብ፣ ማስመሰል ያስፈልጋል። ጥቁር ወርቁን ቀይ 138፣ አረንጓዴ 101፣ ሰማያዊ 30 ያድርጉ። መካከለኛውን 212፣ 175፣ 55፤ ነጸብራቁን 250፣ 230፣ 160። ከጥቁሩ ወደ መካከለኛው፣ ወደ ነጸብራቁ፣ ተመልሶ ወደ ጥቁሩ እንዲሄድ ያድርጉና 45 ዲግሪ ያዘንብሉት። ነጸብራቁ ጠባብ ይሁን፤ ሰፋ ካለ ወርቁ ፕላስቲክ ይሆናል።

ቤቭል (ጠርዙን ከፍ ያለ የሚያስመስለውን) ጨምረው ፍሬሙን እንጨት ወይም ብረት ማስመሰል ከፈለጉ፣ የብርሃኑ አቅጣጫ ፎቶው ውስጥ ካለው ጋር ይመሳሰል። ፀሐይ ከቀኝ ፊቷን የመታት ሙሽራ ከግራ በሚያበራ ፍሬም ስትታጠር፣ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ «የሆነ ነገር አስጠላኝ» ይላል።

የሀበሻ ቀሚስ ጥለትን ፍሬም ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ከኢንተርኔት ከሚለቀም አበባ ሁሉ የሚያምረውም እሱ ነው። የሚወስደው ጊዜ ግን ከግማሽ ሰዓት አያንስም።

ልብሱን በካውያ ተኩሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። በጥላ ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብለው ያንሱት። ትንሽ ከተጣመመ ፐርስፔክቲቭ ክሮፕ በሚለው መሣሪያ አራቱን ማዕዘን ይያዙና ያቅኑት። ቀጥሎ ጥለቱ የሚደጋገምበትን አንድ ቁራጭ ይፈልጉ፤ ከአንዱ ዳይመንድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ዳይመንድ ጫፍ። ያንን ብቻ ቆርጠው ፊልተር፣ አዘር፣ ኦፍሴት ውስጥ በስፋቱ ግማሽ ያንሸራትቱት፤ ራፕ አራውንድ መመረጡን ያረጋግጡ። መጋጠሚያው አሁን መሃል ላይ ይመጣል። ስፌቱ ከታየ በሂሊንግ ብረሽ ይጥፋ። ሳይታይ ካለፈ ግን 40 ጊዜ ሲደጋገም እንደ አጥር እንጨት ይቆጠራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። 13 በ18 ፎቶ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ጥለት እንበል፤ 142 ፒክስል ነው። ሁለቱ ማዕዘኖች 284 ሲወስዱ በስፋቱ 1251፣ በቁመቱ 1842 ፒክስል ይቀራል። 1251 ለ9 ሲካፈል 139 ነው፤ 1842 ለ13 ሲካፈል ወደ 141.7። ስለዚህ ከላይና ከታች 9፣ በጎንና በጎን 13 ዳይመንድ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ፒክስል አይሞላም፤ ቁራጩን ያን ያህል ሳብ ማድረግ በዓይን አይለይም። ይህ ሳይሰላ ፓተርን ብቻ ከተሞላ ማዕዘኑ ላይ ዳይመንዱ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ለጎኖቹ ቁራጩን 90 ዲግሪ አዙረው ይጠቀሙ። ለማዕዘኑ ጥለቱን 45 ዲግሪ ቆርጦ ማጋጠም ይቻላል፤ ፖሊጎናል ላሶ ሺፍት ተይዞ ሲሳብ በ45 ዲግሪ ይጓዛል። ግን አለመድከም ይሻላል። ነጠላ ላይ ጥለቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ይሄዳል እንጂ ማዕዘን አይታጠፍም፤ ስለዚህ የሚኮረጅ ማዕዘንም የለም። 142 በ142 የሆነ ካሬ ከጥለቱ በአንዱ ቀለም ሞልተው መሃሉ ላይ አንድ ዳይመንድ ወይም መስቀል ያስቀምጡ፤ አበቃ።

የሚያበላሸው ነገር አንድ አለ። የክሩ ሽመና በጣም ሲያንስ ሞገድ የመሰለ ጥላ ያወጣል። ከማሳነስዎ በፊት ጋውሲያን ብለር 1 ፒክስል ያህል ይስጡት።

ከጥለት ሌላ ሐረግ አለ፤ የብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚሳለው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ። እሱን የሚጠቀሙ ከሆነ አራቱንም ጎን አይዝጉ። ብራናው ላይ ሐረጉ በአናቱ ይዘረጋል፣ አንዳንዴም በጎንና በጎን ይወርዳል። ለፎቶም ከላይ ሰፊ፣ ከጎን ጠበብ አድርገው ታቹን ክፍት ይተዉት። ለክርስትናና ለሠርግ ፎቶ ያምራል። ቲሸርት ለብሶ ሐይቅ ዳር የተነሳ ጎረምሳ ላይ ግን አይሄድም።

ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፍሬም መሃሉ ነጭና ግራጫ ዳማ ይዞ መጣ።

ፒኤንጂ ባዶ ቦታ ሊይዝ የሚችል የምስል ፋይል ነው፤ ይህኛው ግን የውሸት ነው። ዳማው ባዶነትን የሚያመለክት ምልክት ሳይሆን ራሱ የተሳለ ምስል ሆኗል። ሲፈልጉ የሚለዩት እንዲህ ነው፦ ውጤቱ በዝርዝር ሲታይ ዳማው ገና ከመጀመሪያው ካለ ውሸት ነው። እውነተኛው ብዙ ጊዜ በዝርዝሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታይና ሲከፈት ነው ዳማው የሚመጣው።

የፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ቀጥ ያለ ከሆነ መሃሉን በማርኪ (አራት ማዕዘን መምረጫው) መርጠው ዴሊት ያድርጉ፣ ይድናል። አበባና ቅጠል ከሆነ ጊዜዎን አያባክኑ፤ ሌላ ይፈልጉ። ነጭ መደብ ላይ ያለ ጠቆር ያለ ጌጥ ግን ብሌንድ ሞዱን (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ማልቲፕላይ ሲያደርጉት ነጩ ይጠፋል። ጥቁር መደብ ላይ ያለ ወርቃማ ደግሞ በስክሪን። የፍሬሙ ሌየር ሁልጊዜ ከላይ፣ ፎቶው ከሥር ነው። ሥራውን ለደንበኛ የሚሸጡ ከሆነ ፍሬሙ «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል እንዳይሆን አስቀድመው ያንብቡ።

ፍሬሙ ለፎቶዬ አጠረ። ስስበው ማዕዘኖቹ ተዛቡ።

ሙሉውን መሳብ የለበትም። ማዕዘን እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚለጠጠው ቀጥ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ፍሬሙን በመሃሉ አግድም መርጠው የታችኛውን ግማሽ ወደ አዲስ ሌየር ያውጡት፣ ወደሚፈለገው ቦታ ያውርዱት። በመካከል የተከፈተውን ክፍተት ከቀጥተኛው ክፍል በተቀዳ ቁራጭ ይሙሉ። ጌጡ የሚደጋገም ከሆነ የሚጨምሩት ሙሉ ድግግሞሽ ይሁን፤ ግማሽ አበባ አይጨምሩ።

በስትሮክ (ዙሪያውን መስመር በሚያሰምረው) የሠራሁት መስመር ማዕዘኑ ለምን ክብ ሆነ?

ፖዚሽኑ አውትሳይድ ላይ ስለሆነ። ኢንሳይድ ያድርጉት፣ ማዕዘኑ ይሾላል። ኢንሳይድ ግን ከፎቶው ላይ ይበላል፤ ስለዚህ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ካለ መጀመሪያ ካንቫሱን ያስፉ።

ነጭ ልብስ፣ ነጭ ሰማይ፣ ነጭ ፍሬም፤ ፎቶው የት እንደሚያልቅ አይታይም።

ሐይቅ ዳር በቀትር የተነሳ ፎቶ ሁሉ ይህ ችግር አለበት፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ፎቶውና ነጩ ጠርዝ የሚገናኙበት ላይ 4 ፒክስል የሆነ ግራጫ መስመር ያስምሩ፤ ሦስቱም ቀለም 190። በ300 ጥራት ሲታተም ከሲሶ ሚሊ ሜትር በላይ ትንሽ ይሆናል። 1 ፒክስል ስክሪን ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ወረቀት ላይ ግን የለም። ወይም ነጩን ትተው ክሬም ይሞክሩ፦ 245፣ 238፣ 222።

የ200 ተመራቂ ፎቶ አለ። አንድ በአንድ ልሥራው?

አይሠራም። አክሽን ይቅረጹ፤ አንዴ የሠሩትን ቅደም ተከተል ፎቶሾፕ ቀድቶ ይደግመዋል። አግድም የተነሱትንና ቁም የተነሱትን በሁለት ፎልደር ይለዩ፣ ሁለት አክሽን ይኑር። ለ10 በ15 እንዲህ ነው፦ ፋይል፣ ኦቶሜት፣ ፊት ኢሜጅ ገብተው ለቁም ስፋቱን 1063 ቁመቱን 1594፣ ለአግድም ስፋቱን 1594 ቁመቱን 1063 ይጻፉ፤ የካሜራ ፎቶ ልክ ይሞላዋል። ከዚያ ካንቫስ ሳይዝ፣ ሪላቲቩን አጥፍተው፣ ለቁም 1181 በ1772፣ ለአግድም 1772 በ1181። የማንም ጥቁር ኮፍያ ሳይቆረጥ አጭሩ አቅጣጫ ላይ 5፣ ረጅሙ ላይ 7.5 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ያገኛሉ። ኢሜጅ ሳይዝ ብቻ ተጠቅመው ቢቀርጹ ግን በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ሲገባ ሁሉም ነገር ይዛባል።

አክሽኑ ውስጥ ሴቭ አዝ ከቀረጹ፣ ባች (አክሽኑን በፎልደሩ ፎቶዎች ሁሉ ላይ የሚደግመውን) ሲያስኬዱ ኦቨርራይድ አክሽን ሴቭ አዝ የሚለውን መምረጥ አይርሱ። ካልተመረጠ 200ው ፎቶ ሊቀመጥ የሚሞክረው በአንድ ስም፣ በአንድ ቦታ ነው። ደግሞ ዋናውን ፎልደር ኮፒ ሳያደርጉና በ3 ፎቶ ሳይሞክሩ አይጀምሩ።

ፍሬሙ ላይ በአማርኛ ስም ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይወጣል።

የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ይምረጡ። ጽሑፉ ሌላ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ካለ ደግሞ የተጻፈው በድሮው፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ነው። ፋይሉን ከመስጠትዎ በፊት የጽሑፉን ሌየር ኮንቨርት ቱ ሼፕ ያድርጉት። የስም ፊደል ግን በኋላ መታረም ስለማይችል፣ ያልተቀየረውን ኮፒ ያስቀሩ፤ «ፀሐይ» በየትኛው ፀ እንደምትጻፍ ባለቤቷ ሳትጠየቅ የታተመ 20 በ30 ተመልሶ ይመጣል።

ፎቶሾፕ የለኝም።

ጊምፕ ነፃ ነው። ፊልተርስ፣ ዲኮር፣ አድ ቦርደር የሚለው ባንዴ ይሠራል። ጎኖቹ የተለያየ ጥላ ይዘው ከመጡ ዴልታ ቫልዩ የሚለውን ከ25 ወደ 0 ያውርዱት፤ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል።

በስልክ ፒክስአርት ውስጥ ቦርደር የሚል መሣሪያ አለ። ለስክሪን ይበቃል። ለማሳጠብ ከሆነ ግን ሴቭ ያደረጉትን ፎቶ ዝርዝር ከፍተው ስንት በስንት ፒክስል እንደወጣ ይዩ፤ ለ13 በ18 ከ1535 በታች ከሆነ ጥርት አይልም።

በቴሌግራም ስልከው ፍሬሙ ደበዘዘ።

እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ ቀጭን መስመርና ጥለት መጀመሪያ የሚጎዱት ናቸው። እንደ ፋይል ይላኩት። ለፕሮፋይል ከሆነ ደግሞ አራት ማዕዘን ፍሬም ከንቱ ነው፤ ፕሮፋይሉ ክብ ስለሆነ ማዕዘኖቹ ይሄዳሉ። ካሬ ፎቶ ላይ ኤሊፕስን ሺፍት ይዘው እንደ ቀለበት ይሥሩት፣ ከጫፉም ትንሽ ገባ ይበል።

ለጉርድ ፎቶስ?

አይደረግም። ለመታወቂያም ለፓስፖርትም ጌጥ ያለው አይቀበሉም። አንድ ወረቀት ላይ 8 ሲደረደር መቁረጫ እንዲሆን ፈዛዛ ግራጫ መስመር በመካከል ማስመር ብቻ ይበቃል።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ?

ፕሪፈረንስ ውስጥ ፋይል ሃንድሊንግ ገብተው የሪከቨሪውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 5 ያውርዱ። እሱን ብቻ ግን አይመኑ፤ ኮንትሮልና ኤስ ልማድ ይሁን። ሌየሮቹ እንዳሉ በፒኤስዲ፣ የሚታጠበው በጄፔግ ይቀመጥ። ጄፔግ ብቻ ያስቀረ ሰው ደንበኛው «ፍሬሙን ቀይ አድርጉልኝ» ሲለው ከዜሮ ይጀምራል።

ታጥቦ መስታወት ፍሬም ውስጥ ሲገባ የሠራሁት ጠርዝ ተሸፈነ።

እንጨቱ ፎቶውን የሚይዝበት ከንፈር አለው፤ ከጀርባው ገልብጠው በማስመሪያ ይለኩት። 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የእርስዎ ጠርዝ ከዚያ በኋላ ይጀምር። 8 ሚሊ ሜትር ጥለት እንዲታይ ካስፈለገ 13 ይሥሩ፤ ጥለቱን ግን 13 አድርገው አያወፍሩት። የመጀመሪያው 5 ባዶ ቀለም ይሁን፣ አለዚያ እንጨቱ ዳይመንዱን ከወገቡ ይቆርጠዋል።